1 ኖ ትራምፕ ከፍቼ ተቃራኒ ጣልቃ ሲገባ ትራንስፈር ይቀጥላል ወይስ ይቀራል? ከታላቅ ሰው ጋርስ ይህን እንዴት ልነጋገር?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሐሙስ ሐሙስ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ክለብ ብሪጅ (ሁለት ለሁለት በጥንድ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) እጫወታለሁ፤ በሌላው ቀን ከዚያው ፓርትነሬ (የጥንድ አጋሬ) ጋር ቢቢኦ በሚባለው የኢንተርኔት ብሪጅ ላይ እንገናኛለን። ፓርትነሬ የአባቴ እኩያ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ብሪጅን የተማሩት ለንደን ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ነው፤ ያደጉበት የጨረታ ሲስተም የእንግሊዞቹ አኮል ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ የጀመርኩት በኤስ ኤ ዋይ ሲ፣ በአሜሪካኖቹ መደበኛ ሲስተም ነው። አብረን መጫወት ስንጀምር «ኖ ትራምፕ ከ15 እስከ 17፣ ስቴይማን፣ ትራንስፈር፣ ብላክውድ» ተባባልንና የስምምነት ካርዱ ላይ ምልክት አድርገን ገባን። (ለማያውቅ፦ ጥሪ ላይ ያለው ቁጥር ከስድስት በላይ ስንት ትሪክ፣ ማለትም ዙር፣ እንደምንወስድ ነው፤ ትራምፕ ሌሎቹን የሚበልጠው ዓይነት ነው፣ ኖ ትራምፕ እሱ ሳይኖር መጫወት። ስቴይማን በ2 ክለብ አራት ኸርት ወይም ስፔድ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ትራንስፈር ከያዝከው ዓይነት አንድ ዝቅ ያለውን ጠርቶ የያዝከውን ፓርትነር እንዲጠራው ማድረግ፣ ብላክውድ አስ መጠየቅ ነው።) ጋሼም የለመዱትን ከ12 እስከ 14 ለእኔ ሲሉ ተዉልኝ።

ባለፈው ሐሙስ የደረሰኝ ካርታ ይህ ነበር፦ ስፔድ አስ፣ ኩዊን፣ 4፤ ኸርት ኪንግ፣ 3፤ ዳይመንድ አስ፣ 10፣ 6፣ 2፤ ክለብ ኩዊን፣ ጃክ፣ 8፣ 5። 16 ነጥብ ነው (አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1)፣ 1 ኖ ትራምፕ ከፈትኩ። በግራዬ ያለችው 2 ዳይመንድ አለች፤ ዳይመንድ አለኝ ማለቷ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ጋሼ 2 ኸርት አሉ። እኔ ትራንስፈር ነው ብዬ አለርት አደረግኩ፣ ማለትም ጥሪው ልዩ ትርጉም እንዳለው ለተቃራኒ አሳወቅኩ፤ በቀኜ ያለው ሲጠይቀኝ «ቢያንስ አምስት ስፔድ» አልኩት። እሱ ፓስ አለ፣ እኔ 2 ስፔድ፣ ከዚያ ሁሉም ፓስ።

የመጀመሪያው ካርታ ከመጣሉ በፊት ጋሼ ዳይሬክተሩን ጠሩና በእርጋታ «የተሰጣችሁ ማብራሪያ ትክክል አይደለም፤ ስለዚህ ጥሪ ስምምነት የለንም» አሉ። ደሚው፣ ማለትም የጋሼ ካርታ፣ ሲዘረጋ ስፔድ 7፣ 5፤ ኸርት ኩዊን፣ ጃክ፣ 9፣ 8፣ 4፣ 2፤ ዳይመንድ 7፣ 4፤ ክለብ 10፣ 6፣ 3። ሦስት ለሁለት በሆነ ስፔድ ተጫውቼ ሦስት ትሪክ ጎደለኝ፣ 150 ሄደ። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ 2 ኸርት ተጫውተው 110 ጽፈዋል።

የምጠይቀው፦ ከሁለታችን ማን ነው ትክክል? ጋሼ በመሀል ዝም ብለው መጨረሻ ላይ መናገራቸውስ ደንቡ ነው? ሰውየው ሲናገሩ ፊቴ ጋለ፤ ያሳጡኝ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ፣ እኔ ገና ልጅ ሆኜ ስንት ዓመት የተጫወቱ ሰውን «ስምምነታችንን በጽሑፍ እናድርገው» ብላቸው ያላመንኳቸው አይመስልም?

ክለብ ሁለት፦

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ አጭር መልስ አለ። የኤስ ኤ ዋይ ሲ ቡክሌት ራሱ ጽፎታል፦ ተቃራኒ በኖ ትራምፕሽ ላይ ደብል (ነጥቡን ከፍ የሚያደርገው ጥሪ) ካለ ስቴይማንና ትራንስፈር እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ ጥሪ ካስገባ ግን ይቀራሉ፣ 2 ኸርት ማለት ኸርት ማለት ነው። ስቴይማን መጠየቅ ከፈለግሽ የተቃራኒን ዓይነት ትጠሪያለሽ፣ ማለትም 3 ዳይመንድ። ስለዚህ ባንቺም ሲስተም ቢሆን ጋሼ ናቸው ትክክል።

ሰሜን ወንበር፦

ክለብ ሁለት ያለው የቡክሌቱ ነገር ልክ ነው። ግን እህቴ፣ «ጋሼ ልክ ናቸው» ተብሎ እንዲዘጋ አልፈልግም፤ ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም። እዚያው ክለባችሁ ውስጥ ከጣልቃ ጥሪም በኋላ ትራንስፈርን የሚያስቀጥሉ ጥንዶች ሞልተዋል፣ እነሱም አልተሳሳቱም። እናንተ የተስማማችሁት በስም ነው። «ትራንስፈር» ብላችሁ ስሙን ካርዱ ላይ አሰፈራችሁ፤ ስሙ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያቆም ግን አልተነጋገራችሁም። ያ እስካልተባለ ድረስ ሁለታችሁም የሄዳችሁት በየአስተማሪያችሁ መንገድ ነው።

የጋሼን መንገድ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እሳቸውን መረዳት ግማሹን ሥራ ይጨርስልሻል። አኮል በ1930ዎቹ ሰሜን ለንደን ውስጥ የተወለደ ሲስተም ነው፣ ስሙንም ያገኘው ሃምፕስቴድ አጠገብ ካለ አኮል ከሚባል መንገድ ነው። በድሮው አኮል ፓርትነር 1 ኖ ትራምፕ ከፍቶ አንቺ 2 ኸርት ካልሽ፣ ተቃራኒ ዝም ቢልም እንኳ፣ ትርጉሙ «ደካማ ነኝ፣ ኸርቴ ረጅም ነው፣ እዚሁ ተወኝ» ነው። ትራንስፈር ለእንደ ጋሼ ያለ ሰው በኋላ የመጣ ነገር ነው። ያንቺን ትራንስፈር የተቀበሉት ጸጥ ላለ ጨረታ ነው፤ ረብሻ ሲነሳ እጃቸው ወደ መጀመሪያው ትምህርት ይመለሳል። ያንቺ እጅ ደግሞ የተማረው በትራንስፈር ስለሆነ «2 ኸርት ሁልጊዜ ስፔድ ነው» ብሎ ይዟል።

እኔ የምጫወተው ስቶክሆልም ነው። እዚህ ሰው በትራንስፈር ይኮራል፤ ኦሌ ቪልነር የሚባል ስዊድናዊ ኦስዋልድ ጃኮቢ አሜሪካ ውስጥ ስሙን ከማሰጠቱ በፊት ጽፎበታልና። እንዲያም ሆኖ ከ2 ዳይመንድ ጣልቃ በኋላ እኔና ፓርትነሬ ትራንስፈር አንጫወትም። ለምን እንደሆነ በእናንተው ካርታ ላይ እዪው። ትራንስፈር የተፈለገው ጠንካራው እጅ ተሸፍኖ እንዲቀርና ደካማው እጅ አንዴ ጠርቶ ሁለተኛ የመናገር ዕድል እንዲያገኝ ነው። ወደ ኸርት የሚወስደው ጥሪ 2 ዳይመንድ ነበር፤ ያንን ተቃራኒ ወሰደው። ከዚህ በኋላ ትራንስፈር ይቀጥል ካልሽ ጋሼ ባላቸው ስድስት ኸርትና 3 ነጥብ ምን ይበሉ? የተወሰደውን ጥሪ በደብል መተካት ይቻላል፣ የሚያደርጉ አሉ። ግን ደብልን ለዚያ ካዋልሽው ተቃራኒ ዘሎ ገብቶ ሲጠፋ የምትቀጪበት ነገር የለሽም። በእንደዚህ ያለ ደካማ እጅ 2 ኸርት ብሎ ዝም ማለት ከሁሉ ይሻላል፤ የሌሎቹ ጠረጴዛዎች 110 የመጣውም ከዚያ ነው።

የእኛ ስምምነት እንዲህ ነው፦ ደብል ከመጣ ሁሉም ይቀጥላል። 2 ክለብ ከመጣ ደብላችን ስቴይማን ነው፣ የቀረው እንደነበረ ይቆያል፤ የተነጠቅነው አንድ ጥሪ ብቻ ስለሆነ ብዙ አልጎዳንም። ከ2 ዳይመንድ ጀምሮ ወደ ላይ ግን ሁሉም ጥሪ የራሱን ስም ይዞ ይሄዳል። ሌበንሶል የሚባለውን፣ 2 ኖ ትራምፕን ወደ 3 ክለብ ማለፊያ የሚያደርገውን፣ ለአሁኑ ተዪው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ ይኸኛው እጃችሁ ውስጥ ሳይገባ እሱን ብትጨምሩበት የምትረሱት ነው የሚበዛው። ሰው ኮንቬንሽን (ልዩ ትርጉም የተሰጠው ጥሪ) ሲቆጥር አያለሁ፣ ካርዱ ከላይ እስከ ታች ተሞልቶ። እኔ አራት ኮንቬንሽን እስከ ጥጉ የሚያውቅ ፓርትነር እመርጣለሁ።

«እስከ ጥጉ» ስል ብላክውድን ልውሰድ፣ ካርዳችሁ ላይ ስላለ። ኢዝሊ ብላክውድ በ1933 ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር፣ 4 ኖ ትራምፕ «ስንት አስ አለህ?» ነው። ዛሬ ክለብ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ኪካርድ ነው፤ አራቱ አስና የትራምፑ ኪንግ አንድ ላይ አምስት ተብለው ይቆጠራሉ፣ የትራምፑ ኩዊንም በመልሱ ውስጥ ትገባለች። እንግዲህ ጋሼን ጠይቂያቸው፦ ትራምፕ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ሳንስማማ አንዳችን 4 ኖ ትራምፕ ብንል የማን ኪንግ ነው የሚቆጠረው? እኛ «መጨረሻ የተጠራው ዓይነት» ብለን ጽፈናል። 5 ክለብ አንድ ወይም አራት ነው ወይስ ዜሮ ወይም ሦስት? ሁለቱም አጨዋወት አለ፣ ሁለቱም ጥሩ ነው፤ አንዳችሁ አንዱን ሌላችሁ ሌላውን ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ሁለት አስ ጎድሏችሁ ስላም፣ ማለትም የ12 ወይም የ13 ትሪክ ጥሪ፣ ትገባላችሁ። ትራምፑ ኸርት ሲሆን 5 ስፔድ የሚል መልስ 5 ኸርትን አልፎ ይሄዳል፤ ጠያቂው ያንን ችሎ መጠየቅ አለበት። ተቃራኒ በ4 ኖ ትራምፕ ላይ 5 ዳይመንድ ቢያስገባስ? የቆየው መንገድ አስ የሌለው ደብል፣ አንድ ያለው ፓስ፣ ሁለት ያለው ቀጣዩን ጥሪ ይላል። አንድ ስም ጽፋችሁ ይህ ሁሉ ከጀርባው አለ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ። የኔ ፓርትነር ስዊድናዊት ናት፣ ጡረታ የወጣች የሂሳብ መምህርት፤ በስሟ እጠራታለሁ፣ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ብዬ ፊት ለፊት እነግራታለሁ፣ ቅር አይላትም። በእኛ ቤት ግን እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት እዚሁ ስቶክሆልም ከአንድ ታላቃችን ጋር ስጫወት የሠራልኝ መንገድ ይህ ነው። ጨዋታው ላይ ስለጨዋታው አንድ ቃል አልናገርም። በማግሥቱ ቴሌግራም ላይ ጨረታውን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ እጽፋለሁ፣ ካርታውን ሳላሳይ፦ «1 ኖ ትራምፕ፣ 2 ዳይመንድ፣ 2 ኸርት። ጋሼ፣ ይህን እርስዎ እንዴት ያዩታል?» የእኔን ሐሳብ አስቀድሜ አልናገርም፣ በወረቀት እጽፈውና አስቀምጠዋለሁ። መልሳቸው ሲመጣ የራሴን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። የተለያየን ከሆነ የእሳቸው መልስ ከነምክንያቱ ይብራራልኛል፣ አብዛኛውን ጊዜም በደስታ፤ ምክንያቱም ሰውየው ስለሚያውቁት ነገር ነው የተጠየቁት። ሲያልቅ «እንዳልረሳው ደብተር ላይ ላስፍረው» ብዬ እጽፋለሁ። ደብተሩ የእኔ ነው፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ስምምነቱ ግን የሁለታችን ሆነ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ከ12 እስከ 14ን ትተውልሻል። አንቺም አንድ ነገር ስጫቸው፤ የ2 ዳይመንዱን ጉዳይ «በእርስዎ እንሂድ» በዪ። ለጨዋታውም ለእሳቸውም የሚሻለው እሱ ነው።

የውድድር ዳኛ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፣ ውድድር ስለምዳኝ በየሳምንቱ የሚገጥመኝ ነው።

ጋሼሽ ያደረጉት ከዳር እስከ ዳር ደንቡን የጠበቀ ነው፤ ሊያሳጡሽም አይደለም። ፓርትነር የተሳሳተ ማብራሪያ ሲሰጥ ጨረታው እየሄደ ማረም፣ በፊት ገጽታም ማሳየት ክልክል ነው፤ የ2017ቱ የዱፕሊኬት ብሪጅ ሕግ አንቀጽ 20 ላይ አለ። ማብራሪያው ለተቃራኒ እንጂ ለፓርትነር አይደለማ። ጥንዱ ዲክለረር (ጨረታውን ያሸነፈው ወገን) ከሆነ ግን ከመጨረሻው ፓስ በኋላ፣ የመጀመሪያው ካርታ ከመጣሉ በፊት፣ ዳይሬክተር ጠርቶ መናገር ግዴታ ነው። ተከላካይ ሆናችሁ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጨዋታው እስኪያልቅ አፋቸውን መያዝ ነበረባቸው፤ አለበለዚያ እርማቱ ለአንቺ መረጃ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ መናገራቸው ጥቅም ነበረው፦ መጨረሻ ፓስ ያለው ተቃራኒ፣ በማብራሪያሽ ተሳስቶ ከሆነ፣ ዳይሬክተሩ ፈቅዶለት ጥሪውን መቀየር ይችላል።

የተናገሩትንም እይልኝ። «ስምምነት የለንም» አሉ እንጂ «ኸርት ነው የያዝኩት» አላሉም። ተቃራኒ የማወቅ መብት ያለው ስምምነታችሁን ነው፣ በእጃችሁ የያዛችሁትን አይደለም። አንቺም በሚቀጥለው ጊዜ እርግጠኛ ካልሆንሽ «አልተነጋገርንበትም» ማለት ይበቃሻል። መገመት ደግነት ይመስላል፣ ተቃራኒን ግን ያሳስታል።

ከዚያ የሚበልጥ ግን አለ። ጋሼ 2 ስፔድ ስትዪ ስድስት ኸርት ይዘው ፓስ ብለዋል። ለምን 3 ኸርት አላሉም? ማብራሪያሽን በጆሯቸው ሰምተዋልና፣ የተሳሳትሽው በምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሕጉ አንቀጽ 16 ላይ የሚለው፣ ከፓርትነር ንግግር ያገኘኸውን መረጃ ተጠቅመህ መምረጥ አይፈቀድም ነው። እንዳልሰሙ ሆነው ሲያስቡት፣ አንቺ ኸርት እንዳላቸው አውቀሽ የራስሽን ስፔድ የጠራሽ ነው የምትመስዪው፤ ያኔ ፓስ ማለት ተገቢ አማራጭ ነው። 150 እንደሚያስከፍላቸው እያወቁ ፓስ አሉ። እንዲህ ያለ ፓርትነር ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

ይህ ለምን ጥብቅ እንደሆነ ታሪኩም ይነግርሻል። በ1975 ቤርሙዳ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ጣሊያናውያን ተጫዋቾች በጠረጴዛ ሥር በእግር ሲነካኩ ታይተው ተወቅሰዋል። ፓርትነሮችን የሚጋርደው ስክሪን በዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለውም በዚያው ውድድር ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ። በሐቀኛ ሰዎች መካከል የሚፈጠረው መረጃ ግን በአለርት፣ በማብራሪያ፣ በመዘግየት ነው የሚመጣው፤ እሱን መከላከያው የተጻፈ ስምምነት ነው። ትራንስፈር እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፣ ሰሙ ዳይመንድ ወርቁ ኸርት። ብሪጅ ላይ ግን ወርቁን ተቃራኒም እኩል እንዲያውቅ ያስፈልጋል።

ስለ ጽሑፍም አንድ ነገር። በማብራሪያና በጥሪ መካከል ልዩነት ሲኖር ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ዳይሬክተሩ የሚወስነው «ማብራሪያው ነው የተሳሳተው» ብሎ ነው። ኮንቬንሽን ካርዳችሁ ላይ ቢጻፍ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ እናድርገው ማለት አለማመን አይደለም፤ ጋሼም ዳይሬክተር ፊት የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

የማታ ፈረቃ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢቢኦ ላይ ይህ ለምን እንዳልታየን አሁን ነው የገባኝ፤ እዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጥሪ ነው የሚያብራራው፣ ፓርትነር ደግሞ አያየውም። ስንት ጊዜ ተለያይተን ሳናውቀው እንዳለፍን እግዜር ይወቅ።

ሰሜን ወንበር፣ እርስዎ እንዳሉት ትናንት ቴሌግራም ላይ ጻፍኩላቸው። የመለሱልኝ በድምፅ ነው፣ ረጅም ድምፅ፤ ከ2 ዳይመንድ ተነስተው የ2 ስፔድን፣ የ3 ክለብን ሁሉ አስረዱኝ። ሲያበቁ ጥያቄ ጨመሩ፦ «ትራንስፈሬን ራሱን ተቃራኒ ደብል ቢለውስ፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» ማለትም እኔ 1 ኖ ትራምፕ፣ ፓስ፣ እሳቸው 2 ዳይመንድ፣ ደብል። መልስ አልነበረኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሰሜን ወንበር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁሽ። ደብሉ ብዙ ጊዜ «ዳይመንድ አለኝ፣ ፓርትነሬ ሆይ ዳይመንድ ጣልልኝ» ነው። ለአንቺ ግን ስጦታ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ያልነበረሽ ጥሪ ጨመረልሽ፤ ፓስ።

ብዙ ሰው የሚጫወተው እንዲህ ነው። ኸርትሽ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 2 ኸርት ትያለሽ። ሁለት ብቻ ከሆነ ፓስ ትያለሽ፤ ጋሼ አሁንም ኸርት መጫወት ከፈለጉ ሪደብል (በደብል ላይ የሚባል ዳግመኛ ደብል) ብለው ያስገድዱሻል፣ አንቺም 2 ኸርት ትያለሽ፣ ዲክለረርነቱም ካንቺ አይወጣም። አንቺ ራስሽ ሪደብል ካልሽ ደግሞ ዳይመንዴ ጥሩ ነው፣ እዚሁ ልንጫወተው እንችላለን ማለት ነው። ባለፈው ሐሙስ የያዝሽውን ካርታ ውሰጂው፦ ኸርት ኪንግ፣ 3 ሁለት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፓስ። ጋሼ ያኔ ስድስት ኸርታቸውን ይዘው ሪደብል ይላሉ፣ 2 ኸርት ትጫወቻለሽ።

የ2 ኸርቱ ትራንስፈር ደብል ሲባልም በስፔድ እንደዚሁ ነው፤ ለየብቻ አታጥኑት። ስቴይማን፣ 2 ክለብ ማለቴ ነው፣ ደብል ሲባል ግን ሌላ ገጽ ይፈልጋል፤ እኛ ጋ ፓስ «ክለብ የሚያስቆም ካርታ የለኝም» ነው፣ አንዳንዱ በተቃራኒው ይጫወታል፣ ጋሼን ጠይቂያቸው።

ካርዱ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም፤ ደብተሩ ላይ ጻፊውና ሁለታችሁም ፎቶውን ያዙ። ጠረጴዛ ላይ ሲመጣም አንቺ ፓስ ስትዪ ጋሼ አለርት ማድረግ አለባቸው፣ ተቃራኒ ሲጠይቅም «ሁለት ኸርት ብቻ» ብለው ይንገሩት። ፓስ ስለሆነ ዝም ተብሎ አይታለፍም።